በአንድ ኮት የዘመቱ

ሰው በሰው ሲቀና መላ አያጣም። የቀናህበት ሰው ጎረቤት ከሆነ ሰላምታ ትነፍገዋለህ፤ የሥራ ባልደረባ ከሆነ አለቃው ጆሮ ወሬ ጣል ታደርግበታለህ፤ ዘመድ ከሆነ ሰርጉ ላይ ትቀርበታለህ። በፎቶግራፍ የቀናህ ለታ ግን ምን ታደርጋለህ? ፎቶ ቢሰድቡት አይሰማ፣ ቢያኮርፉት አይገባው። ደግሞም አያረጅም። አንተ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመህ የተረፈችህን ፀጉር ከግራ ወደ ቀኝ ስታስተኛ፣ እሱ የዛሬ አርባ ዓመት ግድም ባበጠረው ጎፈሬ ፈገግ ብሎ ያይሃል። ይህን የምነግራችሁ ሰምቼ አይደለም። እኔ አሰፋ፣ የጉምሩክ ጡረተኛ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ የስኳርና የደም ግፊት ባለቤት፣ ፖስት ካርድ በምታክል ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀንቻለሁ።

ለመሆኑ ድሬዳዋ ውስጥ ወታደር የሌለበት የቤተሰብ አልበም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በእኛ ጊዜ፣ የሰሜኑ ጦርነት ወጣቱን እየለቀመ ሲወስድ፣ ብሔራዊ ውትድርና የደረሰው ልጅ ከመሄዱ በፊት የሚያደርሰው አንድ ወግ ነበር። ፎቶ ቤት ይገባል፣ የወታደር ልብስ ለብሶ ይነሳል፣ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ኮፒ ያሳጥባል፣ ከዚያ በየቤቱ እየዞረ ያድላል። ለእናቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለጎረቤቱ፣ ለባለሱቁ፣ ለክርስትና አባቱ፣ በተለይ በተለይ ደግሞ ለሰፈሩ ሴቶች ልጆች። የተሰጠውን ፎቶ አልበሙ ላይ ያልለጠፈ ቤት ክፉ ቤት ይባል ነበር። ስለዚህ ዛሬም የማንንም አልበም ብትገልጡ፣ በአንዱ ሙሽራና በአንዱ የክርስትና ሕፃን መካከል ቀጥ ብሎ የቆመ ወታደር ታገኛላችሁ። ማን ነው ብላችሁ ስትጠይቁ ባለቤቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

የእኛም ቤት ጣጣ የጀመረው ከዚሁ ነው። አማቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፉ አልበማቸው ለባለቤቴ ለአልማዝ ደረሰ። የመጨረሻዋ ልጃችን ሰላም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የምትሠራው። አንድ እሑድ ዕረፍቷን ይዛ መጣችና ፎቶዎቹን በሙሉ በስልኬ አንስቼ የእያንዳንዱን ሰው ስም ካልጻፍኩ ብላ ተነሳች። ምን አስቸኮለሽ ስላት የሚያውቋቸው ሰዎች ሳያልቁ ነው አለችና ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

አልማዝ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። አውርዳ ዓይኗ ላይ የምታደርግበት ቀን ስለማይበዛ ድንችና ሽንኩርት ትደባልቃለች። እንደፈራሁትም ሆነ። የገዛ አጎቷን አላወቀችውም። አንዷን ሴትዮ አክስቴ ትሁን የአክስቴ ጎረቤት እንጃ አለች። የራሷን የክርስትና ፎቶ ሳይቀር ይህች አስቀያሚ ሕፃን የማን ናት ብላ ጠየቀች። እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ገጽ ሲገለጥ ወታደሩ መጣ። ሰላም ማን ነው ብላ ሳትጨርስ፣ መነጽሩ እንደተሰቀለ፣ አልማዝ መለሰች።

«ተፈራ ነው። የሰፈር ልጅ ነው። መልካም ድምፅ ነበረው።»

ልብ በሉልኝ። ከፎቶ ላይ ድምፅ ይታያል እንዴ? ለአጎቷ ዓይኗ እንቢ ያላት ሴት ለሰፈር ልጅ ጆሮዋ ሳይቀር ከአርባ ዓመት ወዲያ ይሰማል? እኔ በመገረም ላይ ሳለሁ ሰላም እቴ፣ ደስ ብሏት «ተፈራ፣ ወታደር፣ መልካም ድምፅ» ብላ ስልኳ ላይ ጻፈች። ቀስ ብዬ፣ ወሬ ለማሳመር ያህል፣ ልጁ ከጦርነቱ ተመለሰ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እንጃ፣ የተመለሰ አይመስለኝም አለች አልማዝ። ከዚያም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና «ምስኪን» አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንኖር፣ ሐሞት ከረጢቴን አስወጥቼ በቃሬዛ ስመለስ እንኳን፣ እንዲህ ባለ ድምፅ ምስኪን ብላኝ አታውቅም።

የአልበሙ የመጨረሻ ገጽ ላይ እኔም ነበርኩ። ለጉምሩክ መታወቂያ የተነሳኋት ጉርድ ፎቶ ናት፤ ትከሻዬ ላይ የማኅተሙ ሩብ ተቀምጦበታል። ሰላም ይሄስ ማን ነው ስትል እናቷ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፣ ፎቶዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋች፣ አገላበጠች። «አባትሽ ነው መሰለኝ» አለች።

የዚያን ቀን ከቀትር በኋላ፣ አገር ምድሩ ሙቀቱን ሸሽቶ ሲተኛ፣ እኔ በሽርጤ ሆኜ ሳሎን ውስጥ እንጎራደዳለሁ። ሲበቃኝ ተፈራን ከአልበሙ ላይ ነቀልኩት። ከጀርባው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ «ለአልማዝ። ብመለስም ባልመለስም እንዳትረሺኝ» ይላል። ቁጭ አልኩ። እኔ በትዳር ዘመኔ ለዚህች ሴት ከገበያ ዝርዝር በቀር የጻፍኩላት ነገር አለ? የለም። ለዚያውም ጽሑፌ አይነበብም እያለች መልሳ ትደውልልኛለች።

አሁን ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ። ተፈራ በሕይወት አለ ወይስ የለም? ነገሩ ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ። ከሞተ አለቀልኝ። ከሞተ ሰው ጋር እንዴት ይፎካከሩዋል? ሙት አያንኮራፋም። ካልሲዬን የት አደረግሽው አይልም። ቦርጭ አያወጣም። ዕድሜውን ሙሉ ሃያ ዓመቱ ነው። በሕይወት ካለ ግን ዕድል አለኝ፤ ምክንያቱም በሕይወት ያለን ሰው ጊዜ እንዴት እንደሚያደርገው ከማንም በላይ አውቃለሁ። ስለዚህ በዚያ ሙቀት ቆሜ ተፈራ እንዲኖር ጸለይኩ። ለተቀናቃኙ ረጅም ዕድሜና ጤና የለመነ ባል ካለ እጁን ያውጣ።

ለገሃሬ አካባቢ ሃምሳ አለቃ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ጦርነቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዋጉ ሰው ናቸው። ልጁ ሄዶ የቀረበት፣ ወንድሙ የጠፋበት ሁሉ ፎቶ ይዞ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። እሳቸው ከቀበቶው ክፍሉን፣ ከቆብ አደራረጉ ዘመኑን፣ ከእግሩ ስር ካለው ድንጋይ ቦታውን ይናገራሉ ይባላል። ሰኞ በጠዋት ተፈራን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ።

በረንዳቸው ላይ ከእኔ በፊት አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ሃምሳ አለቃ የእናትየዋን ፎቶ በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ወሰዱ። በመጨረሻ ልጁን እንደማያውቁት ቀስ ብለው ነገሯቸውና፣ አቋሙ ግን ያማረ ነበር፣ እናቴ፣ አሏቸው። ሴትዮዋ ፎቶውን ተቀብለው ሳሙት፣ እሳቸውንም መረቁና ሄዱ። አፈርኩ። እዚህ በረንዳ ላይ ሰው ልጁን ይፈልጋል፣ እኔ የሚስቴን ትንፋሽ እለካለሁ። ተነስቼ ልሄድ ነበር፤ ግን «ምስኪን» ያለችበት ድምፅ ትዝ አለኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሃምሳ አለቃ የፈላጊና የተፈላጊ ስም የሚጽፉበት ደብተር አላቸው። ማን ነህ አሉኝ፣ አሰፋ አልኩ። ምንህ ነው አሉኝ፣ የሚስቴ ወንድም ነው አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጋዜጣውን ፈትተው ፎቶውን ሲያዩ ሳቅ ያዛቸው፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጠፋ።

«ኮቱን አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ሰውዬውን ነው የማላውቀው።»

ነገሩን አስረዱኝ። ልጆቹ ፎቶ ሲነሱ ገና ማሠልጠኛ አልገቡም፤ ልብስም አልተሰጣቸውም። ፎቶ ቤቱ ግን ከጡረተኛ የተገዛ አንድ የወታደር ኮት ነበረው። የሚዘምተው ሁሉ በተራ እያጠለቀ ይነሳል፣ አውልቆ ለቀጣዩ ይሰጣል። እጅጌው ላይ የሃምሳ አለቃ ማዕረግ ስለነበረ ከድሬዳዋ ተራ ወታደር ሆኖ ፎቶ የተነሳ የለም። ሃምሳ አለቃ፣ እኔ ይህን ማዕረግ ለማግኘት ስንት ዓመት በእሳት ውስጥ አልፌያለሁ፣ እነዚህ በአምስት ደቂቃ አገኙት አሉ። ከዚያ በጥፍራቸው የኮቱን ሁለተኛ ቁልፍ አሳዩኝ። ከሌሎቹ ይለያል፤ ከሴት ቀሚስ የተወሰደ ነጭ ቁልፍ ነው። ቅድም የሄዱት እናት ልጅም ይህንኑ ኮት ነው የለበሰው አሉኝ። ይህን ኮት የለበሱ ብዙ ልጆች በፎቶ በዚህ በረንዳ አልፈዋል።

ነጩን ቁልፍ ሳይ አወቅኩት። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተፈራን ፊት እንጂ ልብሱን መች አየሁ? አሁን ለእናንተ የማልደብቃችሁ ነገር አለ፤ ለአልማዝ ግን ነግሬያት አላውቅም። ያንን ኮት እኔም ለብሼዋለሁ። ብብቱ ላይ ይጠብ ነበር። ስድስት ኮፒ አሳጥቤ ለስድስት ቤት አድያለሁ፤ ያለቀሰችልኝም አለች። ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር የአንድ ባቡር መሐንዲስ ቤት ወጥ ቤት የነበረችው አክስቴ በጀርባ በር አስገብታ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ደበቀችኝ። አሥራ አራት ወር የመሐንዲሱን ሸሚዝ ስተኩስ ከረምኩ። ተኩስ ማለት በእኔ በኩል ይኸው ነበር። ጓደኞቼ ሄዱ፤ አንዳንዶቹ መጡ፣ ብዙዎቹ አልመጡም። በተፈራ የቀናሁት ስለ ሚስቴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮቱን ለብሶ እውነትም በመሄዱ ጭምር ነው።

ሃምሳ አለቃ ሌላ ምልክት የለውም ወይ ሲሉኝ እያቃረኝ መልካም ድምፅ ነበረው ይላሉ አልኩ። አሰብ አደረጉና መልካ ጀብዱ ሰርግ ላይ የሚዘፍን ተፈራ የሚባል አንድ ባለፓፓያ አለ፣ እሱም ከዘመቱት ነው፣ ሂድና እየው አሉኝ። አልተኛሁም። በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ መልካ ጀብዱ ወረድኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውዬውን ከሩቅ ሳየው በደስታ ልዘፍን ምንም አልቀረኝም። ራሱ የእንቁላል ያህል የለሰለሰ ነው። ሲስቅ ከላይ ሁለት ጥርስ፣ ከታች ጥቂት። ቦርጩ ከእኔ ይቀድማል። አካም ጅርታ ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ካለኝ በኋላ እንግድነቴን አይቶ ወደ አማርኛ ዞረ። እጁን ስጨብጥ ግን ሁለት ጣት አጣሁ። ሁለቱ ከሰሜን አልተመለሱም። ደስታዬ ትንሽ ቀዘቀዘ፤ እጄን ወደ ኪሴ ከተትኩ።

ፎቶውን ስሰጠው ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ከዚያ ማዶ ያለችውን ሚስቱን ተጣርቶ ነይ፣ ፀጉር ነበረኝ ስልሽ አላመንሽኝም አላት። ሁሉንም አድሎ ለራሱ አላስቀረም፤ የእናቱን ደግሞ ጎርፍ ወስዶታል። ከሰሜን ከመጣ ወዲህ ያንን ልጅ አይቶት አያውቅም። ማን ነው አስቀምጦ ያቆየኝ ብሎ ጠየቀኝ። አልማዝ ናት አልኩት።

«አቦ፣ የቷ አልማዝ?»

በሰፈሩ ሦስት አልማዝ ነበሩ ለካ። ለሦስቱም ሰጥቷል። ለሁለት ትርሲትና ለአንዲት ፋጡማም ሰጥቷል። ከጀርባ ያለው ጽሑፍስ ስለው የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ነበር በክፍያ የሚጽፈው፣ ስሙን ብቻ ክፍት ይተዋል አለኝ። ይህን እኔም አውቀው ነበር፤ ለስድስቱም ከፍዬበታለሁ። ቅናት እንዲህ ያለውን አያስታውስም።

ታዲያ በዚህ ጊዜ መደሰት ነበረብኝ አይደል? አልተደሰትኩም። ንዴቴ መጣ። እንዴት ነው ይሄ ሰውዬ የእኔን አልማዝ የሚረሳው? ስንት አልማዝ ነው ያየው በሕይወቱ? ቀይዋ፣ ጉንጯ ላይ ምልክት ያላት፣ ሹሩባዋ ወገቧ የሚደርስ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነዋ አልኩት። አላስታወሰም። አረማመዷን ተነስቼ አሳየሁት። የገዛ ሚስቴን ለተቀናቃኜ አስተዋውቄ አስተዋውቄ ላብ በላብ ሆንኩ። በመጨረሻ ስላሳዘንኩት ነው መሰለኝ፣ እእ፣ አዎ፣ እሷን አወቅኳት አለኝ። መዋሸቱ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ፎቶውን ትቼለት ተነሳሁ። ከልግስናም ነው፣ ከተንኮልም ነው፤ ከእኔ ቤት ይውጣልኝ እንጂ ምክንያቱ ምን ይሠራል። እሱም አንድ ማዳበሪያ ፓፓያ አሸከመኝ።

ቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ ለአልማዝ ነገርኳት። ተፈራ አለ፣ ግን ጸጉር የለውም አልኳት። ጥርሱንም ጨመርኩላት። ቦርጩን በእጄ ለካሁላት። የጣቶቹን ነገር መጨረሻ ላይ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት። ሰላም ብሎሻል አልኩ፤ የቷ አልማዝ ማለቱን ዋጥኩት። ተመስገን አለች፣ ከልቧ ነው። ከዚያ አንዱን ፓፓያ ቆርጣ ቀመሰችና ጣፋጭ ነው አለች፣ ወደ ጓዳ ገባች። በቃ! የአርባ ዓመት ተፈራ በአንድ ፓፓያ አለቀ። በለቀቀው ቦታ የራሴን ጉርድ ፎቶ አስገባሁ፤ ከአራቱ የማዕዘን መያዣ አንዱን ብቻ ያዘች።

እዚህ ላይ ብተው ጥሩ ነበር። ግን ሃምሳ አለቃን ሳላመሰግን መቅረት ነውር መሰለኝና ሦስት ፓፓያ ይዤ ሄድኩ። በረንዳው ላይ አንድ እኔን መሰል ሰውዬ ተቀምጧል። አቶ ግርማ ይባላል፤ ጅግጅጋ ብዙ ዓመት ነግዶ በቅርቡ ከባለቤቱ ጋር ወደ ድሬዳዋ የተመለሰ ባለጨርቅ ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ጋዜጣውን ሳይ ሁሉ ነገር ገባኝ። የሚስቴ የአጎት ልጅ ነው አለ ለሃምሳ አለቃ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። ፈታው። ነጯ ቁልፍ አለች። ብብቱ ላይ የጠበበው ኮት አለ። ከኮቱ በላይ፣ ያን ሁሉ ፀጉር ተሸክሜ፣ እኔ አለሁ።

ሚስቴ የሺ ከዳዊቷ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው አለ ግርማ፣ ሳይጠየቅ። ከዳዊት ውስጥ! እስቲ ፍረዱ። በገዛ ቤቴ መነጽር ተወርዶ፣ በመስኮት ብርሃን ተመርምሬ «መሰለኝ» የምባል ሰው፣ በሰው ቤት ከዳዊት ውስጥ ኖሬያለሁ። ሃምሳ አለቃ እንደተለመደው ኮቱን አውቀዋለሁ ሊሉ ሲሉ እኔ ቀደምኳቸው። አውቀዋለሁ፣ ሞክሼዬ ነበር አልኩ። ግርማ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ያለውን ጸሎት አወቅኩት። በል ኑር፣ በል ራሰ በራ ሁን የሚል ጸሎት ነው፤ ባለፈው ሳምንት የእኔ ነበር።

ምን ልበል? ይኸውና እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው ሰውዬው እየዘለለ ቤቱ ይገባል፤ ፀጉሬን ይነግርላታል፣ ቦርጬን በእጁ ይለካላታል፣ እኔም እንደ ፓፓያው ተቆርጬ አልቃለሁ። የሺ ዳዊቷን ስትገልጥ መዝሙሩን ብቻ ታያለች። አርባ ዓመት የተቀመጥኩበትን ቦታ በገዛ አፌ ልልቀቅ?

«ሞቷል» አልኩት። «ጀግና ነበር።»

የግርማ ትከሻ ወረደ። ሃምሳ አለቃ ደብተራቸውን ገልጠው፣ ብዕራቸውን አንስተው ነበር። ፎቶውን አዩ። ከዚያ አፍንጫዬን አዩ። ብዕሩን ከደኑና ደብተሩን ሳይጽፉበት አጠፉት። ያኔ ፎቶውን የሳሙት እናት ትዝ አሉኝና ፓፓያውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ግርማ ግን ከእኔ የበለጠ ብልህ ባል ነበር። ሙትን ከቤት የሚያስወጣው ተዝካር ነው ብሎ አሰበ መሰለኝ፣ በአሥረኛው ቀን አድራሻዬን አፈላልጎ ቤቴ ድረስ መጣ። ልጁ ወገን እንዳለው ስላላወቅን በእኛ ቤት ልንዘክረው ነው፣ እርስዎ ጓደኛው ስለሆኑ ከባለቤትዎ ጋር እንዳትቀሩብን አለን። አልማዝ እንዲህ ያለ ደግ ሰው አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝና ነጭ ልብሷን አወጣች። መቅረት አልቻልኩም። ደግሞም ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ የሺ እንዴት እንደምታለቅስ ማየት ፈልጌ ነበር።

ቤታቸው ከዚራ ነው፤ ሸሚዝ ከተኮስኩባት ሰርቪስ ቤት ሁለት በር አልፎ። ግድግዳው ላይ ፎቶዬ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል፤ ከፊቱ ጧፍ ይበራል። እንዲህ ሆኜ ተሰቅዬ አላውቅም። አልማዝ ስትገባ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችውና ሄዳ ተቀመጠች። የሺ መጣች። ሸምግላለች፣ ግን ዓይኗ ያው ነው። ጨበጠችኝ። ፊት ለፊት አየችኝ። እንኳን ደህና መጡ ብላኝ አለፈች። ኧረ የሺ! ከግድግዳው እስከ እኔ ሦስት እርምጃ አይሞላም። እንባዋንም ተከታተልኩ፤ በነጠላዋ ጫፍ ሁለት ጊዜ ጠረግ አደረገች፣ በቃ። ለጀግና ይህ ይበቃል? ግርማ ከእሷ የበለጠ አልቅሷል፤ የእሱ ግን እፎይታ ነው።

ቄሱ ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ የሟቹን ክርስትና ስም ጠየቁ። የሺ አላወቀችም። ግርማ አላወቀም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እንግዲህ ቄስ ፊት ቆሞ በሕይወት ላለ ሰው፣ ለዚያውም ለራስ፣ የሙት ጸሎት ማስደረግ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ለምታውቁ አልነግራችሁም። ስሙን ልናገር ስል ደግሞ ያን ኮት የለበሱት፣ ሄደው የቀሩት፣ ስማቸውን የሚጠራላቸው ያላገኙት ልጆች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። የእኔ በእነሱ ተራ መቆሜ አሳፈረኝ።

«ኃይለ ገብርኤል ነው፣ አባ» አለች አንዲት ሴት ከጎኔ።

አልማዝ ናት። ወደ እኔ አልዞረችም። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው። መነጽሯ ግንባሯ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ቄሱ ጸለዩልኝ። ከእኔ ጋር ለዘመቱትና ላልተመለሱት ሁሉ ጸልዩላቸው አልኳቸውና ጸለዩላቸው። በዚያ ቀን የተናገርኩት እውነተኛ ቃል እሱ ብቻ ነው። በላን፣ ጠጣን። የገዛ ተዝካሬ ወጥ ትንሽ ጨው በዝቶበታል።

ባጃጅ ይዘን ስንመለስ ድልድዩ ጋ ደረስን። አልማዝ ወደ ውጭ እያየች ጠየቀችኝ።

«የሺ ማን ናት?»

«የሰፈር ልጅ ናት» አልኳት። «መልካም ድምፅ ነበራት።»

ፊቷን አዞረች። ቤት እስክንደርስ አላናገረችኝም፤ በማግስቱም አላናገረችኝም፤ ቁርሴን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ከሞትኩ ወዲህ እንደዚያን ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም።